ምዕራፍ 6፦ የማን ልጅ ነህ?

ልጅቷ ላፕቶፗን ከቦርሳዋ አውጥታ ጠረጴዛዬ ላይ ስታስቀምጥ ዓይኗ እንባ አቅርሮ ነበር። «ጋሼ፣ መመረቂያ ጽሑፌ ጠፋ» አለችኝ። ፍላሿን ሰክታ አሳየችኝ። ላይ ላዩን ሲያዩት የጠፋ ነገር የለም፤ «ምዕራፍ አንድ»፣ «መጠይቅ»፣ «የአማካሪ አስተያየት» የሚሉ ፎልደሮች በየስማቸው ተሰልፈዋል። ቀረብ ብሎ ላየ ግን በእያንዳንዱ ፎልደር የግራ ጥግ ላይ አንዲት ትንሽ ቀስት አለች፤ በጎኑም 2 ኪሎባይት የሚል መጠን ተጽፏል። እውነተኛ ፎልደር ቀስትም የለው፣ በዝርዝሩ ላይ መጠንም አይጻፍለት። እነዚያ ፎልደር መስለው የተቀመጡ ሾርትከቶች ነበሩ።

ፍላሽ ይዞ ከአንዱ ጽሕፈት ቤት ወደ ሌላው የዞረ ሰው ነገሩን ያውቀዋል፤ «ሾርትከት ቫይረስ» ነው የምንለው። ልጅቷም ታውቀዋለች። ያስጨነቃት ሌላ ነው። «ጓደኛዬ ሁለቴ አጽድቶልኝ ነበር» አለች። «ሁለቴም ጠፋልኝ ብዬ ደስ ሲለኝ፣ ኮምፒውተሩን ዘግቼ ስከፍተው ተመልሶ ይመጣል።»

እኔ የያዝኩት «ዘግቼ ስከፍተው» የሚለውን ቃሏን ነው።

ኮምፒውተር ሲጠፋ ራም ላይ ሲሠራ የነበረ ፕሮግራም ሁሉ አብሮ ይጠፋል። የመጻፊያው ፕሮግራምም፣ ሙዚቃ ማጫወቻውም፣ ቫይረሱም እኩል ይሞታሉ። ፋይላቸው ዲስኩ ላይ ይቀራል፤ ነገር ግን ከተኛበት በራሱ የሚነሳ ፋይል የለም፣ ቀስቃሽ ይፈልጋል። ስለዚህ ዊንዶውስ ሁልጊዜ ሲነሳ እንደ ትምህርት ቤት የስም ጥሪ ያደርጋል፤ ስሙ የተጠራ ይነሳል፣ ያልተጠራ ተኝቶ ይውላል። ችግሩ ስሞቹ የተጻፉት በአንድ መዝገብ ብቻ አለመሆኑ ነው። ስታርትአፕ የሚባል ፎልደር አለ፤ ሬጂስትሪ በሚባለው የዊንዶውስ ትልቅ መዝገብ ውስጥ ደግሞ «ረን» የሚባሉ ገጾች አሉ፣ አንዱ ለኮምፒውተሩ ተጠቃሚዎች ሁሉ፣ አንዱ ገብቶ ለሚሠራው ሰው ብቻ። ገና ማንም የይለፍ ቃሉን ሳያስገባ የሚነሱ ሰርቪሶች አሉ። በቀጠሮ የሚቀሰቅሰው ታስክ ስኬጁለር አለ። ከእነዚህ ራቅ ያሉ፣ ብዙ ሰው ገልጦ የማያያቸው ሌሎች ማዕዘኖችም አሉ።

ለቫይረስ ጸሐፊ ይህ የሞት የሽረት ጉዳይ ነው። ፕሮግራሙ አንድ ቀን ሠርቶ እንዳይቀር ከፈለገ ስሙን ከእነዚህ መዝገቦች በአንዱ ማስገባት አለበት። የቱንም ያህል ቢደበቅ ለስም ጥሪው መቅረብ ግድ ይለዋል። ቫይረስ ለመፈለግ ዲስኩን በሙሉ ከማሰስ በፊት እዚህ በር ላይ ቆሞ የሚገቡትን ማየት ይሻላል የምለው ለዚህ ነው።

ኮንትሮል፣ ሺፍትና ኢስኬፕ የሚባሉትን ቁልፎች አንድ ላይ ተጫንኩ። ታስክ ማኔጀር ተከፈተ፤ ስታርትአፕ ወደሚለው ገጽ ገባሁ። ይህ ገጽ እ.ኤ.አ. በ2012 ከወጣው ዊንዶውስ 8 ጀምሮ በዚያ ቦታ አለ። በልጅቷ ላፕቶፕ ላይ ሰባት ስሞች ነበሩ። የድምፅ ካርዱ፣ የአንቲቫይረሱ፣ የቴሌግራም፣ የፋይል ማውረጃ፣ እንዲህ እንዲህ እያለ ይወርዳል። ሰባተኛው «ማይክሮሶፍት ዊንዶውስ ቤዝድ ስክሪፕት ሆስት» ይላል። አሳታሚውን በሚያሳየው ዓምድ ላይ «ማይክሮሶፍት ኮርፖሬሽን» ተብሎ ተጽፏል።

«ይኼ እንኳ የራሱ የዊንዶውስ ነው» አለችኝ።

እውነቷን ነው። ያ ፕሮግራም የማይክሮሶፍት ነው፤ ከዊንዶውስ ጋር አብሮ የሚመጣ፣ ምንም ነቀፋ የሌለበት ፕሮግራም ነው። ሥራው ማንበብ ነው። በዱሮ ጊዜ በየሰፈሩ ፊደል የቆጠረ አንድ ሰው ነበር፤ ደብዳቤ የመጣለት ሁሉ ወደ እሱ ይሄዳል፣ እሱም የተሰጠውን ያነባል። የደስታም ይሁን የመርዶ፣ ደብዳቤውን የጻፈው እሱ አይደለም። ስክሪፕት ሆስትም እንደዚያው ነው፤ የትእዛዝ ጽሑፍ ያለበት ፋይል ሲሰጠው አንብቦ ይፈጽማል። ስለዚህ የሚጠየቀው ሌላ ነው፦ በየማለዳው የሚያነበው የማንን ደብዳቤ ነው?

በዓምዶቹ ርእስ ላይ በመዳፊቱ የቀኝ ቁልፍ ስንጫን የሚመጣ ዝርዝር አለ። ከዚያ «ኮማንድ ላይን» የሚለውን መረጥኩ። አዲስ ዓምድ ተከፈተ፤ ሙሉው መስመር ወጣ። በመጀመሪያ የስክሪፕት ሆስቱ ስም አለ፣ ቀጥሎ ወደ አንድ ፋይል የሚያደርስ አድራሻ፦ የተጠቃሚዋ የግል ፎልደር፣ በእሱ ውስጥ የተደበቀው አፕዳታ፣ በእሱ ውስጥ ሮሚንግ፣ በመጨረሻም ትርጉም የሌላቸው ፊደሎች ተደርድረው በቪ፣ ቢ፣ ኤስ የሚያበቃ ስም። ደብዳቤው ያ ነበር። ዓምዱ ተሸፍኖ ሳለ የሚታየው አንባቢው ብቻ ነው፤ አንባቢው ደግሞ የተከበረ ሰው ነው።

ይህ ዘዴ አዲስ አይደለም። እ.ኤ.አ. በግንቦት 2000 ከፊሊፒንስ ተነስቶ በቀናት ውስጥ ዓለምን ያዳረሰው፣ በፍቅር ደብዳቤ ስም በኢሜይል የሚላከው «አይ ላቭ ዩ» ራሱ የቪቢኤስ ጽሑፍ ነበር፤ የሚያስነብበውም ይኸው ስክሪፕት ሆስት ነው። ግልባጩን በሲስተም ፎልደር ውስጥ «ኤምኤስከርነል32» ብሎ ያስቀምጥና ያንኑ ስም በሬጂስትሪው የረን ገጽ ላይ ይጽፋል። ስሙን አስተውሉት። ከርነል32 የዊንዶውስ እውነተኛ የውስጥ አካል ነው፤ ኤምኤስ ደግሞ የማይክሮሶፍት ምሕጻር። ዝርዝሩን ገልጦ የሚያይ ባለሙያ እንኳ «ይህንስ አልነካም» ብሎ እንዲያልፈው የተሰጠ ስም ነው።

በአገራችን አንድ የማናውቀው ሰው ደጃፍ ላይ ሲቆም ስሙን ብቻ ጠይቀን አናስገባም። ስም ማንም ያወጣል። ትልልቆቻችን «የማን ልጅ ነህ? ከየት ነው የመጣኸው? ማን ላከህ?» እያሉ ነው የሚጠይቁት። እኔም ለዓመታት የሰዎችን ኮምፒውተር ሳይ ከዚህ የተሻለ መጠይቅ አላገኘሁም።

ስሙ ለምን እንደማይበቃ ላሳይ። እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2003 የተነሳው ብላስተር የተባለው ትል ራሱን በረን ገጽ ላይ የመዘገበው «ዊንዶውስ አውቶ አፕዴት» ብሎ ነው። የተሠራውም የማይክሮሶፍትን የማሻሻያ ድረ ገጽ በብዙ ኮምፒውተር ጥያቄ ለማጥቃት ነበር። ሊያጠቃ የመጣበትን ቤት ስም ለብሶ ገባ ማለት ነው። ሌሎቹ ስም ከመዋስ ይልቅ ፊደል ያዛባሉ። በዊንዶውስ ውስጥ ኤስቪሲሆስት የሚባል፣ ብዙ ሰርቪሶችን አቅፎ የሚሠራ እውነተኛ ፕሮግራም አለ። አስመሳዮቹ «ቪ»ንና «ሲ»ን ቦታ ያለዋውጣሉ፣ ወይም በ«ኦ» ፊደል ፋንታ ዜሮ ይጽፋሉ። የመግቢያ ፈቃድን የሚቆጣጠረው ኤልሳስ ደግሞ በላቲን ሲጻፍ በትንሹ «ኤል» ይጀምራል፤ በእሱ ቦታ ትልቁን «አይ» ቢያስገቡበት በብዙ የፊደል ቅርጽ ሁለቱ አንድ ቋሚ መስመር ናቸው፣ ዓይን አይለያቸውም።

እኛ አማርኛ አንባቢዎች በዚህ ላይ ልዩ ጥንቃቄ ያስፈልገናል ብዬ አምናለሁ። ዓይናችን ፊደልን ይቅር ማለት ለምዷል። «ፀሐይ» ተብሎ ቢጻፍ፣ «ጸሀይ» ተብሎ ቢጻፍ ያው ፀሐይ ናት፤ ኃይሉ በየትኛውም «ሀ» ቢጻፍ ኃይሉ ነው። ለኮምፒውተር ግን አንድ ፊደል የተለወጠበት ስም ፈጽሞ ሌላ ሰው ነው። በዝርዝሩ ላይ ስም ስታነቡ ቃሉን በጥቅሉ አትዩት፤ ፊደል እንደሚቆጥር የቄስ ትምህርት ቤት ልጅ አንድ በአንድ አንብቡት።

አድራሻ ከስም ይልቅ ይታመናል። እውነተኛው ኤስቪሲሆስት ቤቱ የታወቀ ነው፤ በሲ ድራይቭ፣ ዊንዶውስ በሚለው ፎልደር፣ በሲስተም32 ውስጥ ይኖራል። (በ64 ቢት ዊንዶውስ ላይ ሲስዋው64 በሚባል ጎረቤት ፎልደርም ግልባጭ አለው።) ያው ስም፣ ፊደሉ ሳይዛነፍ፣ ከተጠቃሚው ቴምፕ ፎልደር ውስጥ ሲነሳ ካያችሁ ሌላ ማስረጃ ብዙም አያሻችሁም። ወላጁም የታወቀ ነው። በኮምፒውተር ቋንቋ አንድን ፕሮግራም ያስነሳው ፕሮግራም ወላጅ ይባላል፤ የኤስቪሲሆስት ወላጅ ሰርቪሶችን የሚመራው ፕሮግራም ነው። ከአንድ የዎርድ ሰነድ ተወልዶ የተገኘ ኤስቪሲሆስት «የማን ልጅ ነህ?» ሲባል መልስ የለውም።

እዚህ ላይ ግን ጥድፊያ ሰው ያሳስታል። አፕዳታ ውስጥ ያለ ሁሉ ሌባ አይደለም። ቴሌግራምን የመሰሉ ብዙ ፕሮግራሞች የኮምፒውተሩን ባለቤት ሙሉ ፈቃድ ሳይጠይቁ መጫን እንዲችሉ በተጠቃሚው የግል ፎልደር ውስጥ ይቀመጣሉ። ቫይረሱም እዚያ የሚገባው በዚሁ ምክንያት ነው፤ በሩ ክፍት ስለሆነ። ስለዚህ አድራሻው አፕዳታ ሲሆን ጥያቄው አላለቀም፤ ወደ ፊርማው እናልፋለን።

የታወቁ ድርጅቶች ፕሮግራማቸውን ከማውጣታቸው በፊት በዲጂታል ፊርማ ያትሙታል። ፋይሉ ከታተመ በኋላ አንድ ባይት ቢለወጥ ማኅተሙ ይሰበራል። ይህን ከስም ጥሪው ዝርዝር ጋር አስተባብሮ የሚያሳይ ኦቶረንስ የሚባል ነጻ መሣሪያ አለ። ማርክ ሩሲኖቪችና ብራይስ ኮግስዌል እ.ኤ.አ. በ1996 ከጀመሩት ሲስኢንተርናልስ ከተባለው የመሣሪያዎች ስብስብ የተገኘ ነው፤ ማይክሮሶፍት በ2006 ድርጅታቸውን ከገዛ ወዲህ በማይክሮሶፍት በኩል ይታደላል። ታስክ ማኔጀር የሚያሳየው የመዝገቡን አንድ ክፍል ብቻ ነው። ኦቶረንስ ግን እነዚያን ራቅ ያሉ ማዕዘኖች ሁሉ ገልጦ ያወጣል፤ ማኅተማቸው ያልተረጋገጠውን በሮዝ፣ ስማቸው ተጽፎ ፋይላቸው የሌለውን በቢጫ ቀለም ያሳያል። ቢጫው ብዙ ጊዜ የተነቀለ ፕሮግራም ጥሎት የሄደ ስም ነው፤ አያስደነግጥም። ቅድሚያ የሚታየው ሮዙ ነው።

ማኅተምም ቢሆን ሊሰረቅ ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2010 የተጋለጠው፣ የኢራንን የዩራኒየም ማበልጸጊያ ለማበላሸት የተሠራው ስተክስኔት ኮምፒውተር ሲነሳ የሚነሱ ፋይሎቹን ያሳተመው ሪልቴክና ጄማይክሮን ከተባሉ ሁለት የታይዋን ድርጅቶች በተሰረቀ የፊርማ ቁልፍ ነበር። የተዛመተውም በፍላሽ ጭምር ነው፣ በሾርትከት ፋይል ላይ በተገኘ ቀዳዳ። ይህን የማነሳው ለማስፈራራት አይደለም፤ እንደ ስተክስኔት ያለ ጥቃት የተማሪን ላፕቶፕ የሚፈልግ ዓይነት አይደለም። ግን አንዱ ጥያቄ ብቻውን እንዳይበቃን ነው፤ ስሙም፣ ቤቱም፣ ወላጁም፣ ማኅተሙም ተያይዘው ይጠየቁ።

የማኅተም አለመኖርም ወንጀል አይደለም። የማተሚያ ፈቃዱ በየጊዜው ገንዘብ ይከፈልበታል፤ ብቻቸውን የሚሠሩ የአገራችን ፕሮግራም ሠሪዎች ይህን ወጪ የሚችሉት ሁሉም አይደሉም። ለዚህ ምዕራፍ ከሁሉ የሚቀርበው ምሳሌ ደግሞ በየቀኑ የምንጠቀምበት ነው፤ የአማርኛ መጻፊያው። ፓወር ግዕዝን ወይም ኪይማንን የመሰለ መጻፊያ ኮምፒውተሩ ሲበራ እንዲነሳ የምናደርገው ሥራው እዚያ ስለሆነ ነው። ጣታችን የላቲን ቁልፍ ሲነካ ፊደሉ ወደ ዎርድ ከመድረሱ በፊት መንገድ ላይ ይቀበለዋል፣ ወደ ግዕዝ ፊደል ይለውጠዋል፣ ያሳልፈዋል። የይለፍ ቃል የሚሰርቀው ኪይሎገርም የሚቆመው እዚያው መንገድ ላይ ነው፤ እሱም ሲበራ ይነሳል፣ እሱም እያንዳንዱን ቁልፍ ይቀበላል። ሁለቱን በሥራቸው ብቻ ልለይ ቢሉ ያስቸግራል። የሚለያቸው ከየት መጡ የሚለው ነው። ከሠሪው ከራሱ የተገኘ መጻፊያ አንድ ነገር ነው፤ ከጓደኛ ወደ ጓደኛ፣ ከፍላሽ ወደ ፍላሽ ዓመታት ሲዞር የኖረ «ክራክ» የተደረገ ግልባጭ ሌላ ነገር ነው። ስሙና አርማው ያው ሆኖ በመንገድ ላይ ማን እንደነካው አይታወቅም። በገዛ ቋንቋችን ለመጻፍ የምንከፍተው በር ስለሆነ እለምናለሁ፣ የአማርኛ መጻፊያችሁን ከምንጩ ውሰዱ።

ከየት መጣ የሚለው ጥያቄ የሕይወት ጉዳይ የሆነባቸው ሰዎች አሉ። የቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲው ሲቲዝን ላብ እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2017 ባወጣው ጥናት በአሜሪካ፣ በእንግሊዝና በሌሎች አገሮች የሚኖሩ የኢትዮጵያ መንግሥት ተቃዋሚዎች ሳይበርቢት በተባለ የእስራኤል ድርጅት የተሠራ የስለላ ፕሮግራም እንደተላከባቸው ገልጿል። ሊንኩን የተከተለ ሰው ቪዲዮ ለማየት የአዶቤ ፍላሽ ማሻሻያ እንዲጭን ይጠየቃል፤ ማሻሻያው ሰላዩ ነበር። ፍላሽ ፕሌየር እ.ኤ.አ. በ2020 መጨረሻ ላይ ድጋፉ ተቋርጧል። ስለዚህ ዛሬ በስም ጥሪው ዝርዝር ላይ የፍላሽ አሻሻይ ነኝ የሚል ያገኘ ሰው ወይ የቆየ ትርፍራፊ፣ ወይ የሞተ ሰው ስም ይዞ የመጣ እንግዳ አግኝቷል።

አሁን ወደ ተቃራኒው ስሕተት ልምጣ፣ ምክንያቱም ጉዳቱ አያንስም። እ.ኤ.አ. በ2002 አንድ መልእክት በኢሜይል በብዙ ቋንቋዎች ተሰራጨ። በኮምፒውተርህ ውስጥ የድብ ግልገል ሥዕል ያለበት ፋይል ፈልግ፣ ካገኘኸው ቫይረስ ነው፣ አጥፋና ለወዳጆችህ ሁሉ ንገር ይላል። ሰዎች ፈለጉ፣ ድቡን አገኙት፣ አጠፉት፣ ለወዳጆቻቸው ላኩ። ፋይሉ ግን ከዊንዶውስ ጋር የሚመጣ የማይክሮሶፍት የጃቫ መሣሪያ ነበር። ቫይረስ የሚባል ነገር አልነበረም፤ ተሰራጭቶ ጉዳት ያደረሰው የሰዎች መልካም ልብ ነው። እንግዳ ስም ሁሉ ጠላት አይደለም። አንዳንድ የድምፅና የስክሪን ካርድ ፕሮግራሞች ስማቸው ከማንኛውም ቫይረስ ይልቅ ያስፈራል።

ስለዚህ ማጥፋት አይቅደም። ታስክ ማኔጀርም ኦቶረንስም «አትጥራው» የሚል ምርጫ አላቸው፤ ፋይሉ በቦታው ሆኖ ስሙ ከጥሪው ይዘለላል። ኮምፒውተሩን ዘግታችሁ ክፈቱት፣ ሁለትና ሦስት ቀን ሥሩበት። የጎደለ ነገር ካለ በአንድ ጠቅታ ይመለሳል። ለአንቲቫይረስ፣ ለድምፅ፣ ለመዳሰሻ ሰሌዳ የሚሠሩትን ተዉአቸው። የአታሚ አሻሻዩ፣ ሙዚቃ ማጫወቻው፣ በወር አንዴ የምትከፍቱት የስብሰባ ፕሮግራም ግን ንጹሕም ቢሆኑ ጠዋት ጠዋት መነሳት አያስፈልጋቸውም፤ 4 ጊጋባይት ራም ያለውን አሮጌ ላፕቶፕ የሚያጎትቱት ብዙ ጊዜ እነሱ ናቸው። «ኮምፒውተሬ ስሎው ሆነ፣ ቫይረስ ገብቶበታል» ብሎ ፎርማት ለማስደረግ የሚመጣ ሰው አስቀድሞ ይህን ዝርዝር ቢያይ ስንት ፎቶና ስንት ሰነድ በተረፈ ነበር! ግልባጭ የሌለው ፋይል በፎርማት ሲጠፋ ማየት እስከ ዛሬ ያመኛል።

የልጅቷ ጓደኛ የተሳሳተው በቅደም ተከተል ነው። ፍላሹን ሲያጸዳ አንባቢው ኮምፒውተሩ ላይ እየሠራ ነበር፤ የፍላሹ ሾርትከቶች በተሰረዙ በሰከንዶች ውስጥ እንደገና ይጽፋቸዋል። ሥራው ተገድዶ ሲቆም ደግሞ ጠዋት የስም ጥሪው ያስነሳዋል። እኛ በመጀመሪያ ስክሪፕት ሆስቱ የሚሠራውን ሥራ አስቆምን። ቀጥለን ሰባተኛውን ከስም ጥሪው ሰረዝነው፤ በኦቶረንስ ስናይ ያው ፋይል በታስክ ስኬጁለር ውስጥም ስሙ ተጽፎ ነበር፣ እሱንም አወጣን። ሮሚንግ ውስጥ የነበረውን ደብዳቤ ሰረዝነው። ፍላሹ የመጨረሻ ነበር። ላፕቶፑን ዘግተን ከፈትነው፤ ልጅቷ ዝርዝሩን ራሷ ገልጣ ስድስት ስም ቆጠረች።

«ጽሑፌስ?» አለችኝ።

ጽሑፏ ከፍላሹ ወጥቶ አያውቅም ነበር። ይህ ቫይረስ ፎልደሮቹን አይሰርዝም፤ የተደበቀና የሲስተም የሚል ምልክት ያደርግባቸውና በቦታቸው ሾርትከት ያስቀምጣል። ሰው ሾርትከቱን ሲጫን ቫይረሱም ይነሳል፣ ፎልደሩም ይከፈታል፤ ስለዚህ ለሳምንታት አይጠረጠርም። በፎልደር አማራጮች ውስጥ የተደበቁ ፋይሎች እንዲታዩ፣ የሲስተም ፋይሎችን የሚሸፍነውም ምልክት እንዲነሳ ስናደርግ «ምዕራፍ አንድ» ደብዘዝ ብሎ ብቅ አለ፣ ከዚያ «መጠይቅ»፣ ከዚያ ሌሎቹ። ልጅቷ እያንዳንዱን እየከፈተች ገጹን አየች፣ ወደ ላፕቶፗ ገለበጠች፣ አንድ ግልባጭም ወደ ኢሜይሏ ላከች።

በማግስቱ ጽሑፏን ልታሳትም ፍላሿን ይዛ ወደምትመላለስበት ጽሕፈት ቤት ስትሄድ አብሬያት ሄድኩ። የጽሕፈት ቤቱ ባለቤት ደግ ሴት ናቸው፤ ከአራት ደንበኛ ጋር እየተነጋገሩ አንዱን ኮምፒውተር ለቀቁልን። ፍላሹን ከመሰካታችን በፊት ታስክ ማኔጀሩን ከፈትን። ዝርዝሩ ላይ «ማይክሮሶፍት ዊንዶውስ ቤዝድ ስክሪፕት ሆስት» ይላል። ልጅቷ ሴትየዋን «እትዬ፣ እስቲ አንዴ ይምጡ» ብላ ጠራቻቸው፣ በዓምዱ ርእስ ላይ የቀኙን ቁልፍ ተጫነች፣ መስመሩንም እስከ መጨረሻው ፊደል ድረስ ጮክ ብላ አነበበችላቸው።